«ማሟሟት»፣ «መሰባበር» ወይስ «መበጠስ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የቤተ ሙከራ መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚገኘው ኪቶሳን የተባለ ፖሊሳካራይድ (የስኳር ሞለኪውሎች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት) በጋማ ጨረርና በአልትራሳውንድ (ጆሮ በማይሰማው ድምፅ) እንዴት እንደሚያጥር ያስረዳል። እኔ «ማሟሟት» ብዬ ነበር፤ ባልደረባዬ «መሰባበር» ይሻላል አለች። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ «ማሟሟት»ን ያውጡት። ስኳር ሻይ ውስጥ ሲሟሟ ሞለኪውሎቹ ይለያያሉ እንጂ አንዱም አይጎዳም፤ ኪቶሳኑ ላይ ግን የሚጎዳው ራሱ ሰንሰለቱ ነው። ደግሞም በዚህ ሥራ ውስጥ እውነተኛ ማሟሟት አለ፦ 1 ግራም ኪቶሳን፣ 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ባለው 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ አልትራሳውንዱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ለሁለቱም አንድ ግስ ከሰጡ፣ አንባቢው ዱቄቱ ሲጠፋ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

«ሰበረ» ደግሞ ለብርጭቆ፣ ለእንጨት፣ ለአጥንት ነው። ክር ሲሰበር ሰምተን አናውቅም፤ ይቆረጣል ወይ ይበጠሳል። ፖሊሳካራይድም ረጅም ክር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ዘዴዎች በሁለቱ ግሶች ይለዩ።

ጋማ ጨረር ጫፍ መሐል ሳይመርጥ፣ ሰንሰለቱን ባገኘበት ይመታል። ለዚህ «ቆራረጠ» ልክ ነው፤ «ቆረጠ» ላይ የገባችው «ራ» ብዙ ቦታ መቆረጡን ትናገራለች። ጨረሩ ሲበዛ ዱቄቱ ይወይባል፤ «ቀለሙ ይለወጣል» ከማለት «ይወይባል» ይበሉ፣ ወዴት እንደሚለወጥ አብሮ ይነግራል።

አልትራሳውንድ ግን ይበጥሳል። በ20 ኪሎኸርዝ ድምፅ ፈሳሹ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠሩና ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ፤ ወደ አረፋው የሚሮጠው ፈሳሽ ሰንሰለቱን ይወጥረዋል። ውጥረቱ የሚበረታው መሐሉ ላይ ስለሆነ እዚያው አካባቢ ይበጠሳል፣ ልክ ከሁለት ጫፍ እንደተጎተተ ክር። ያጠረው ሰንሰለት በቂ ውጥረት ስለማያገኝ ከተወሰነ ርዝመት በታች አይበጠስም። ከዚያ ወዲያ ሰዓት መጨመር ፈሳሹን ማሞቅ ብቻ ነው፤ ብልቃጡ በረዶ ውስጥ የሚቀመጠውም ሙቀቱን ለመግታት ነው። ለሁለቱም ዘዴ የጋራ ስም ከፈለጉ «ሰንሰለት ማሳጠር» ይበቃል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «የሰንሰለቱ መቆራረጥ» ሲባል «ቆ» ይጠብቃል፣ ሰንሰለቱ ተቆራረጠ ማለት ነው፤ «ሰንሰለቱን መቆራረጥ» ሲባል ይላላል፣ ቆራጭ አለው። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ ብቻውን «መቆራረጥ» ብለው ርዕስ አያድርጉት፤ አንባቢው መጀመሪያ የሚያስበው የመብራት መቆራረጥን ነው።