መልቲሜትሩ «1» ሲያሳይ ኤልኢዲው ተቃጥሏል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ ሳሎን ውስጥ ይበራ የነበረ ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል በድንገት ጠፋብኝ። ነጩን የፕላስቲክ ክዳን ነቅዬ ሳየው በአልሙኒየም ሰሌዳ ላይ 18 ትናንሽ ኤልኢዲዎች ተደርድረዋል። አነስተኛዋን ቢጫ ዲጂታል መልቲሜትሬን (የኤሌክትሪክ መለኪያዬን) በዳዮድ ምልክት ላይ አድርጌ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ለካኋቸው፤ ፕሮቦቹን (የመለኪያውን ቀይና ጥቁር መንኪያዎች) እያቀያየርኩም ብለካ የሚታየኝ «1» ብቻ ነው። ሰፈራችን ያለ ጠጋኝ «ሁሉም ተቃጥለዋል፣ ጣለው» አለኝ። እውነት 18ቱም በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ? ወይስ መሣሪያዬ ነው የተበላሸው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በገለጹልን ልኬት ብቻ አንዱም እንኳ ተቃጥሏል ማለት አይቻልም፤ መሣሪያዎም የተበላሸ አይመስለንም። የእርስዎ ዓይነት መልቲሜትር በዳዮድ መለኪያው ላይ ሲሆን በሁለቱ ፕሮቦች መካከል 3 ቮልት ገደማ አቅርቦ 1 ሚሊአምፔር የሚያህል ጅረት ይልክና፣ በዳዮዱ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው አካል፤ ኤልኢዲም ዳዮድ ነው) ላይ ያገኘውን ቮልቴጅ በሚሊቮልት ይጽፋል። ማሳያው መጻፍ የሚችለው ግን እስከ 1999 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በግራ ጥግ «1»ን አስቀምጦ ዝም ይላል። ምንም ጅረት ባያልፍም የሚጽፈው ያንኑ «1» ነው፤ ስሕተቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ቀይ ኤልኢዲ ከ1.6 እስከ 2 ቮልት ስለሚበቃው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ይነበባል፤ 1750 ቢል 1.75 ቮልት ማለት ነው። ነጩ ኤልኢዲ ግን በውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሚመስለን በላዩ የተቀባው ቢጫ ሽፋን የሰማያዊውን ብርሃን ከፊል ወደ ቢጫ ስለሚለውጠውና ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ከቀይ የበለጠ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ ነጩ ኤልኢዲ በዚያች ትንሽ ጅረት እንኳ ከ2.5 ቮልት በላይ ይወስዳል። እንግዲህ ጤነኛውም የሞተውም በእርስዎ መልቲሜትር ላይ «1» ነው የሚሰጡት።

ስለዚህ ማሳያውን ይተዉትና ኤልኢዲውን ይመልከቱ። በረንዳ ላይ በቀን ብርሃን መለካትዎ ሳይጎዳዎት አልቀረም። መጋረጃ ዘግተው ቀዩን ፕሮብ በአንዱ፣ ጥቁሩን በሌላው ጫፍ ያሳርፉ፤ ካልበራ ያቀያይሩት። ጤነኛ ከሆነ ቢጫው ሽፋን መካከል የመርፌ ጫፍ የምታህል ፍም መሰል ብርሃን ትታያለች፤ ማሳያው በዚያው ቅጽበት «1» ማለቱን አይተውም። በሁለቱም አቅጣጫ ጭልጭል የማይለው እርሱ ነው ተጠርጣሪው፤ ብዙ ጊዜም ሽፋኑ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይኖርበታል። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ሾርት ሆኗል፣ ማለትም ሁለቱ ጫፎች በቀጥታ ተገናኝተዋል። ፕሮቦቹን በማገላበጥ ኤልኢዲውን እጎዳለሁ ብለው አይስጉ፤ አብዛኞቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እስከ 5 ቮልት ይችላሉ።

በእንዲህ ዓይነት አምፖል ኤልኢዲዎቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ መሥመር የተሰኩ ናቸው፤ አንዱ ጋ ክሩ ሲበጠስ አሥራ ሰባቱ ጤነኞችም ይጨልማሉ። የጠጋኙ ፍርድ የተሳሳተ መሆኑን የምንጠረጥረው ለዚህ ነው። የሞተውን ካገኙት በተመሳሳይ መተካት ይሻላል። ብዙዎች ሁለቱን ጫፎች በብየዳ አገናኝተው ያልፉታል፤ ከ18 አንዱ ብቻ ሲሆን አምፖሉ አብዛኛውን ጊዜ ይበራል፣ ነገር ግን የመጀመሪያውን የገደለው ሙቀት ስለሆነና ሙቀቱም እዚያው ስላለ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲከተሉ እያገናኙ መቀጠልን አንመክርም።

አንድም ቢሆን ጭል ካላለስ? ያን ጊዜም ለመጣል አይቸኩሉ። አንዳንዱ ኤልኢዲ በአንድ ቅርፊት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጮች በተከታታይ ስለያዘ 6 ወይም 9 ቮልት ይፈልጋል፤ የመልቲሜትሩ 3 ቮልት አይነካውም። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከ1 ኪሎኦም ሬዚስተር (ጅረትን የሚገድብ አካል) ጋር በተከታታይ ቢያገናኙ ባለ 3ቱም ባለ 6ቱም ይበራሉ፤ ለባለ 9 ቮልቱ ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል። ሬዚስተሩን ግን አይዝለሉት።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት አምፖሉ ከሶኬቱ ወጥቶ ነው። በርካሽ አምፖሎች ውስጥ የኤልኢዲው መሥመር ከ220 ቮልቱ ተለይቶ አይሠራም፤ ካፓሲተሩም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው አካል) አምፖሉ ከተነቀለ በኋላ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ከዚያም ማዞሪያውን በ1000 የዲሲ ቮልት ላይ አድርገው የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች ለክተው ወደ ዜሮ መውረዱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ወደ ዳዮድ ምልክቱ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ አሮጌ ባለመርፌ መልቲሜትር ነው። የኤልኢዲው ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው ተብዬ ነበር፤ የሚበራው ግን ጥቁሩን ፕሮብ በረጅሙ ላይ ሳደርግ ነው። ለምን ይሆን?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ የተባሉት ትክክል ነው፤ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፣ በኔጋቲቩ በኩል ደግሞ የቅርፊቱ ጠርዝ ጠፍጣፋ ነው። የተገላበጠው መልቲሜትሩ ነው። በአብዛኞቹ ባለመርፌ መልቲሜትሮች በኦም መለኪያ ላይ የውስጡ ባትሪ ፖዘቲቭ ጫፍ የሚገናኘው ከጥቁሩ ፕሮብ ጋር ነው። ማዞሪያውን ከ×1 ይልቅ ×10 ላይ ያድርጉት፤ ×1 ለትንሽ ኤልኢዲ የሚበዛ ጅረት ይልካል። ይህ መገላበጥ የኦም መለኪያው ብቻ ነው፤ ቮልት ሲለኩ ቀዩ እንደተለመደው ፖዘቲቭ ነው።