ባልዲውን በትል ፍግ ብቻ ለሞሉት እህቴ

«አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ሦስት የቀለም ባልዲ በትል ፍግ ሞልቼ በሁለቱ ቃሪያ፣ በአንዱ ጤና አዳም ተከልኩ። ንጹሑ ይሻላል ብዬ አፈር አልቀላቀልኩም። በወሩ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ውሃው ላዩ ላይ ይቆማል፣ ጥቃቅን ዝንቦችም መጡ። ማዳበሪያ ልጨምርበት?»

አይጨምሩ። ቃሪያዎ አልተራበም፤ ታፍኗል።

የትል ፍግ፣ ማለትም ትሎች ተረፈ ምርት በልተው የሚያወጡት ማዳበሪያ፣ እንደ ተወቀጠ ቡና የደቀቀ ነው፤ ውሃም አጥብቆ ይይዛል። ይህ ጠባዩ ጓሮ ላይ በረከት ነው፤ ባልዲ ውስጥ ግን ውሃ በጠጣ ቁጥር ይጠቀጠቅና አየሩን ያስወጣል። ያልተነፈሰ ሥር ምግብ ስለማይስብ ተክሉ በተትረፈረፈ ምግብ መካከል ተቀምጦ ይገረጣል። ዝንቦቹም የመጡት ላዩ ስለማይደርቅ ነው፤ የሚፈለፈሉት እርጥብ አፈር ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍጉ ተክል ስለማያቃጥል የፈለግሁትን ያህል ልጠቀም ብሎ ነው። እውነት ነው፣ እንደ ፋብሪካ ማዳበሪያ አያቃጥልም፤ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ሲይዝ የትል ፍግ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው የሚይዘው። ግን በእርሾ ብቻ እንጀራ የሚጋግር የለም። ሊጡ አፈሩ ነው። እኔም ችግኝ ማፍላት በጀመርሁበት ዓመት አርባ ያህል የቲማቲም ችግኝ በንጹሕ ፍግ ተክዬ ግማሹን ቀብሬአለሁ።

ዛሬ ማታ፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ቃሪያውን ከነሥሩ ያውጡት። ነጭ ሥር ጤነኛ ነው፤ ቡናማ ሆኖ የላላውንና የሚሸተውን በመቀስ ይቁረጡ። ባልዲው ከሥሩ አምስት ስድስት ቀዳዳ ከሌለው በጋለ ብረት ይብሱት። ከዚያ በጣሳ እየሰፈሩ ሦስት ቀይ አፈር፣ አንድ ፍግ፣ አንድ ደግሞ የግንባታ ሰዎች ሬድ አሽ የሚሉትን ባለ ቀዳዳ ቀይ ድንጋይ፣ ሽምብራ የሚያህለውን፣ ይቀላቅሉ። ድንጋዩ ከጠፋ ሻካራ አሸዋ ይሆናል። ከተከሉ በኋላ ሦስት አራት ቀን ጥላ ውስጥ ያቆዩት፤ ውሃም የሚያጠጡት ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰደው ደረቅ ሲያገኙት ብቻ ነው። ዝንቦቹ በዚያው ይመናመናሉ።

ጤና አዳም ሌላ ጠባይ አላት፤ ድህነትና ደረቅ ቦታ ትወዳለች። ለእሷ ፍጉን በግማሽ ይቀንሱ፣ ድንጋዩን ይጨምሩ።

ቃሪያው ማበብ ሲጀምር በወር አንድ ጊዜ ሁለት ጭብጥ ፍግ ይበቃዋል። ላዩ ላይ በትነው አይተዉት፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደርቆ ይጋገራል፣ ውስጡ ያሉት ጠቃሚ ረቂቅ ሕዋሳትም ይጎዳሉ። አፈሩን በሹካ ጫር ጫር አድርገው ቀላቅለው ያልብሱት። ጓሮ ያላቸው ደግሞ ጎመን ወይም ቃሪያ ሲያዛውሩ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ እፍኝ ያድርጉ።

ፍጉ በደንብ መብሰሉን ከተጠራጠሩ ምርመራው ወጥ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ ፌጦ። በአንድ ሳህን እርጥብ ፍግ፣ በሌላው ተራ አፈር አድርገው ሃያ ሃያ ፍሬ ይዝሩ። በአምስተኛው ቀን ፍጉ ላይ ያለው ከአፈሩ አንሶ ወይም ቢጫ ሆኖ ከበቀለ ገና አልበሰለም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቁት።

ከትል ሳጥን ሥር የሚንጠባጠበውን ጥቁር ውሃ የሚያጠጡ ሰዎችም አሉ። ካልበሰለ ተረፈ ምርት የወጣ ስለሆነ ሰላጣና ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ላይ በፍጹም አያድርጉት። ለአበባ አፈር ከሆነ አንድ እጁን በአሥር እጅ ውሃ ያቅጥኑት። የተሻለው አንድ ጣሳ የበሰለ ፍግ በአሥር ሊትር ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደርና በማግስቱ ማጠጣት ነው።

ከባልዲዎቹ የሚተርፈውን ፍግ አየር በሚያስገባ ማዳበሪያ ከረጢት፣ እርጥበቱን እንደያዘ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ ስለማይለመልም እሱን እያዩ አይጨነቁ፤ ጫፉ ላይ የሚወጣውን አዲሱን ቅጠል ይመልከቱ።