ጥያቄና መልስ፦ በረኛው ለምን ሁልጊዜ ወፍራሙ ልጅ ይሆናል?

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ወፍራም ልጆችና ስለ ስፖርት ናቸው። ሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ መልሴ የመምህር መልስ ነው። ጉዳዩ የሐኪም በሆነበት ቦታ ላይ ስንደርስ ወደ ሐኪም እልካችኋለሁ።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ ወፈር ያለ ነው። የሰፈር ልጆች ቡድን ሲመርጡ መጨረሻ ላይ የሚቀረው እሱ ነው፤ ሁልጊዜም በረኛ ያደርጉታል። ጎል ሲገባበት ይሰድቡታል፣ እያለቀሰ ይመጣል። ኳሱ ቀርቶበት ቤት ቢቀመጥ አይሻልም? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይሻልም። ቤት ከተቀመጠ ከስድቡ ጋር ሩጫውም ጓደኞቹም ይቀሩበታል። በረኝነት የተከበረ ቦታ ነው፤ እዚያ የሚቆመው ልጅ ሌላ ቦታ የተከለከለ ሲሆን ግን ቅጣት ይሆናል። በሁለት ድንጋዮች መካከል አንድ ሰዓት ቆሞ የደብረ ብርሃን ብርድ የመታው ልጅ ተጫወተ አይባልም።

ኳስ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚስማማበት ምክንያት አለ። በኳስ ጨዋታ ልጁ ጥቂት ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ደግሞ ይሮጣል። ትንፋሹን የሚሰበስብበት ፋታ አለው፤ ሐሳቡም ኳሷ ላይ ስለሆነ ድካሙን አይቆጥርም። ሳያቋርጥ ሩጥ ሲባል ግን ሌላ ነው። ከእኩዮቹ 10 ኪሎ የሚበልጥ ልጅ 10 ኪሎ ጤፍ አዝሎ እንደሚሮጥ ይቁጠሩት። እኛ ትልልቆቹ ያንን ተሸክመን ከበሬሳ ወንዝ ሽቅብ ሩጡ ብንባል ስንቶቻችን እንደምንደርስ አላውቅም።

ስለዚህ ከልጆቹ መካከል የሚሰሙትን አንዱን ጠርተው፣ ጎል በገባ ቁጥር በረኛው ይቀየር የሚል ሕግ እንዲያወጡ ያግባቡት። ልጆች ሕግ ይወዳሉ። ሌላም ዘዴ አለኝ፤ መምህር ሊናገረው የሚገባ አይደለም ግን ይሠራል። አቅምዎ ከፈቀደ ኳስ ይግዙለት። የኳሱ ባለቤት መጨረሻ ላይ ሲመረጥ በሕይወቴ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ዘወትር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቀስቅሼ፣ ላስቲክ ላይ ጃኬት አስደርቤ አስሮጠዋለሁ። ላቡ ጠብ ይላል፣ ስቡ ግን አልቀለጠም። (ነጋዴ አባት)

መልስ፦ ላብ የቀለጠ ስብ ሳይሆን ውሃና ጨው ነው። ልጁ ውሃ ሲጠጣ የጎደለው ኪሎ ተመልሶ ይመጣል። ወፍራም ልጅ ሲንቀሳቀስ ሰውነቱ ቶሎ ይግላል፤ ላስቲክ ደግሞ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያፍነዋል፣ እስከ መታመም ሊያደርሰው ይችላል። ላስቲኩን ለክረምት ዝናብ ያስቀምጡት።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር በማለዳ ሜዳው ውርጭ ይለብሳል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አስም ያለበትን ልጅ ደረት ያፍናል። ልጁ ሲሮጥ የሚያስለው ወይም ደረቱ ሲር የሚል ከሆነ ስንፍና ነው ብለው አይለፉት፣ ያስመርምሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ሰዓቱ በአንድ ጊዜ መሞላት የለበትም። ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ ትንፋሽ የሚያስቆርጥ ከሆነ ይቆጠራል፤ ገመድ ዝላይ፣ አባሮሽ፣ ውሃ መቅዳትም ይቆጠራሉ። መጠኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየተንቀሳቀሰ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው ልኩ ነው። ደግሞስ እርስዎ አብረውት ይሮጣሉ ወይስ በር ላይ ቆመው ያዛሉ? ጥያቄዎ ላይ አልጻፉትም።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ኳስ መጫወት ከጀመረ ወዲህ ጉልበቱን ያመዋል፣ ያነክሳል። ወጌሻ አሸው፣ አልተሻለውም። ክብደቱ ከባድ ስለሆነ ነው ብለን ተውነው። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሜ ብመልሰው ይሻል ነበር። ወጌሻውን ያቁሙና ልጁን ሆስፒታል ይውሰዱት፤ እስከዚያ በእግሩ ባይቆም ይመረጣል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ወፍራም ልጆች ላይ የጭን አጥንት ራስ ገና እያደገ ባለበት ቦታ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። አሳሳቹ ነገር፣ ጉዳቱ ዳሌ ላይ ሆኖ ሕመሙ ጉልበት ላይ መሰማቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ጉልበቱን ብቻ አይቶ እንዳይመልሳችሁ፣ ዳሌውም በራጅ እንዲታይ ይጠይቁ። ከሆነ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል፤ በቆየ ቁጥር ግን ይበላሻል። ላይሆንም ይችላል፤ ቢሆንም የሚያነክስ ልጅ ኳስ አይጫወትም።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ወፈር ያሉ ሦስት ሴት ልጆች በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ሆዴን አመመኝ ይላሉ። ሙቀቱም አላስቻለም። ምን ላድርግ? (መምህርት)

መልስ፦ ሆዳቸውን አላመማቸውም፤ ያንቺ ልብ ያውቀዋል። የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው፦ መታየትንና መጨረሻ መሆንን።

ከመታየት እንጀምር። ቁምጣና የተጣበቀ ማሊያ ግዴታ ከሆነ ግዴታውን አንሺ። ሰፊ ቱታና ሰፊ ከነቴራ ኳስ መምታት አይከለክልም። ልብስ የሚቀይሩበት በር የሚዘጋ ክፍል ፈልጊላቸው፤ የዕቃ ክፍልም ቢሆን።

መጨረሻ የመሆኑ ነገር ያንቺ ሥራ ነው። ሁለት አምበል ቆሞ አንድ በአንድ የሚመርጥበትን ልማድ ዛሬውኑ ጣዪው፤ እኔም ለዓመታት የሠራሁት ጥፋት ነው። ቡድኑን አንቺ ከፋፍዪ። የተሸነፈ ይውጣ የሚባሉ ጨዋታዎችንም ተዪ፤ ቀድሞ የሚወጣው እንቅስቃሴው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። ሜዳውን በኖራ ለአራት ክፈዪና አራት ለአራት አጫውቺ። ሃያ ሁለት ልጅ አንድ ኳስ ሲያባርር ደካማው ኳሷን ሳይነካ ደወል ይደወላል፤ በስምንት ልጅ መካከል ግን መደበቂያ የለም፣ ኳሷ ትደርሰዋለች። በዚህ ረገድ የገና ጨዋታን አመሰግናለሁ፤ የተጫዋች ቁጥር አልተወሰነም፣ የመጣ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይገባል።

ደግሞ የሚያሸንፉበትን ነገር ስጫቸው። ወፍራም ልጅ ሰውነቱን ተሸክሞ ስለሚውል ጡንቻው ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። በአሎሎ ውርወራና በገመድ ጉተታ ማን እንደሚፈለግ ታያለሽ። መረብ ኳስም ጥሩ ነው፤ ሩጫው አጭር ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ከደጋው በጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል። ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የቀትር ክፍለ ጊዜ ለእነዚህ ልጆች አይሆንም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ርዕሰ መምህሩን ለምኚ፤ ካልሆነ ጥላ ፈልጊና በየ15 ደቂቃው ውሃ አጠጪ።

ጥያቄ፦ ልጄ ቡድን ከገባ ሦስት ወር ሆነው። ኪሎው ግን አንድም አልቀነሰም። ገንዘቤን ላስመልስ? (አባት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አያስመልሱ። ልጅ እያደገ ነው፤ ቁመቱ ጨምሮ ኪሎው ባለበት ከቆመ በርካታ ልጆች ላይ የሚፈለገው ይኸው ነው። ክብደቱ ሳይቀንስም የደም ግፊቱ፣ ስኳርን የሚጠቀምበት መንገድ፣ ልቡና እንቅልፉ ሊሻሻሉ ይችላሉ። በ2008 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወፍራም ልጆችን ከትምህርት በኋላ በእግር ኳስ ቡድን አሰልፈው፣ የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ጋር አወዳድረው ነበር። ኳስ የተጫወቱት ልጆች ለቁመታቸው የነበራቸው ክብደት በስድስት ወር የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ 21 ልጆች ብቻ ነበሩ። እኔን የሳበኝ ግን ልጆቹ ለስድስት ወር መምጣታቸው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጁ ከልምምድ ሲወጣ ለስላሳ ይገዙለታል? አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ይዟል፤ በሩጫ ያወጣውን በአንድ ጉንጭ ይመልሰዋል። ውሃ ይበቃዋል።

አጫጭር መልሶች። *ቴኳንዶ ይሻላል ወይስ ኳስ?* ለጠየቁት፦ ልጁ ነገም ልሂድ የሚለው ይሻላል። *በጾም ወቅት ይጫወት?* ምግብ ሳይቀምስ በቀትር አይሩጥ፤ ጾም ሲፈታ ወይም ከበላ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይጫወት። የጾም ምግብ ያከሳል ብላችሁም አትመኑ፤ ሳምቡሳና ፓስቲ የጾም ናቸው።

ጥያቄ፦ በእኛ ዘመን የወፈረ ልጅ ደልቶታል ይባል ነበር። አሁን የልጅ ልጄን በሽተኛ አደረጉት። (አያት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ የርሃብ ዘመን ላየ ሰው የልጅ ጉንጭ ሲሞላ ማየት በረከት ነው። ነገር ግን በዓይን መገመት ያሳስታል። ጤና ጣቢያ ይሂድና ክብደቱ ከቁመቱ፣ ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ይመዘን። ወፍሯል ቢባልም ምግብ አይከልክሉት፤ ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ እንግዳ ፊት ስለ ሰውነቱ አይነሣ፣ ለሙገሳም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 12 ዓመቴ ነው። አሰልጣኛችን በስሜ አይጠራኝም፣ «ዱባው» ይለኛል። ሁሉም ይስቃሉ። ኳስ ግን እወዳለሁ። (ስሜን አትጻፍብኝ)

መልስ፦ ስምህን አልጻፍኩም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ቢባልም አንተ ግን ቆጣ ብትል አልፈርድብህም። ልምምድ ሳይጀመር፣ ጓደኞችህ ሳይሰሙ ቅረበውና «ጋሼ፣ በስሜ ጥሩኝ» በለው። ምናልባት ቀልድ መስሎት ይሆናል። እምቢ ካለ አባትህ ወይም እናትህ ይምጡ፤ ያ ያንተ ጥፋት አይደለም። ስምህን ካስተካከልክ በኋላ ደግሞ፣ አንተንም በረኛ አድርጎህ ከሆነ፣ ከበር ላይ እንዲያወጣህና አሥር ደቂቃ አጥቂ ሆነህ እንድትሞክር ጠይቀው። ጎል ባታገባም ምን እንደተሰማህ ጻፍልኝ።