ፎቅ ቤት ለቤተሰብ ይሆናል ወይ? ጥያቄና መልስ

ስለ ኮንዶሚኒየም የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ወደ ላይ ሲሠራ መሬት ይቆጠባል። ታዲያ ቤቱ ለምን አይረክስም?

መሬቱ ይቆጠባል፤ ግንባታው ግን ይወደዳል። ፎቅ በጨመረ ቁጥር መሠረቱ ይከብዳል፣ ብረትና ሲሚንቶው ይበዛል። አሳንሰር፣ ፓምፕና ጄኔሬተር ይከተላሉ። የአዲስ አበባ የ20/80 (ገዢው 20 በመቶ ቆጥቦ ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው) ሕንፃዎች ባብዛኛው ጂ+4፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ፣ የሆኑት ያለ አሳንሰር እንዲኖርባቸው ታስቦ ነው። የሰንጋተራዎቹ የ40/60 (ቁጠባው 40 በመቶ የሆነ) ሕንፃዎች ረጃጅም ናቸው፤ አሳንሰሩም ከነወጪው አብሮ መጣ። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ እኔ ጂ+4ን እመርጣለሁ። ብሎኮቹ ተቀራርበው ከተሠሩ ብዙ ሰው ይይዛሉ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ልጅ ማሳደግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ደረጃው ብቻ አይደለም ችግሩ። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ እላይ ፎቅ ድረስ አያደርሰውም። እናት ጄሪካን ተሸክማ ትወጣለች። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። በግ ለማረድ፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት በብዙ ቦታ ተከራይቷል። እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የኛ ሰው አኗኗር ታስቦበት የተሠራ ነበር። የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ለኪራይ ገቢ ብሎ ሲያስረክበው ድግስና ለቅሶ ያለበት ቤተሰብ መግቢያ ያጣል።

ሕፃንና አዛውንት ካሉ ስንተኛ ፎቅ?

ምድር ወይም አንደኛ።

ዕጣ ደርሶኝ ቤቱን አከራይቼ መሃል ከተማ ተከራይቼ እኖራለሁ። አጠፋሁ?

አላጠፉም። ቤቱ ከተማው ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ሆኖ ሥራው መሃል ከተማ ከሆነ ታክሲና አውቶቡስ ጥበቃ ቀኑን ይበላዋል። መሃል ከተማ ልደታ ያሉት ኮንዶሚኒየሞች የሚፈለጉት ሕንፃቸው ስለተለየ አይደለም፤ ሥራና ገበያ በእግር ስለሚደረስ ነው።

ሲንጋፖር ተሳክቶላት የለ? እኛ ለምን አልቻልንም?

እዚያ መንግሥታዊው የቤቶች ቦርድ ከእ.ኤ.አ. 1960 ጀምሮ ነው የሚሠራው። አብዛኛው ሕዝብ እሱ በሠራው ፎቅ ላይ ይኖራል። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ቤቱ የሚሸጠው በ99 ዓመት ሊዝ ነው። ትምህርት ቤቱና ገበያው ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይታቀዳል። ነዋሪው ደግሞ በየወሩ የጥገና ክፍያ ይከፍላል። ለኛ ትምህርት የሚሆነን ይሄ የመጨረሻው ነው። የኛው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራ ወጪ እንዲሸፍኑ ያዛል። በተግባር ግን መዋጮው ለጥበቃና ለጽዳት ብቻ ያልቃል፤ ለቧንቧና ለጣሪያ የሚጠራቀም የለም።

አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቤት ልገዛ ነው። ምን ልጠይቅ?

መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሄደው ይዩት። አሳንሰሩ ይሠራል? የጄኔሬተሩን ነዳጅ ማን ይከፍላል? የውኃ ታንከሩ ሕንፃውን ለስንት ቀን ያቆያል? ከዚያ የማኅበሩን የባንክ ሂሳብ ያሳዩኝ ይበሉ። ሊያሳዩዎ ካልፈለጉ አይግዙ።