ከውሻ ጋር መጓዝና ፎቶ ማንሳት፦ እስከ ማታ 3 ሰዓት ጠይቁኝ

የመቻል ጌታ፦ ውሻዬን መቻልን ወንጪ ሐይቅ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት አጣ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ጠይቁኝ። ለማታውቁኝ፣ መቻል ጥቁር የሐበሻ ውሻ ነው፤ ሰባት ዓመቱ ነው። እኔ ሠርግ አንስቼ የምበላ ሰው ነኝ፤ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ክትባት፣ ገመድ፣ ውኃ። እነዚህ ሦስቱ ሳይሟሉ ከቤት የሚወጣ ሰው ባይጠይቀኝ ደስ ይለኛል።

የሲኤምሲው፦ ጋሼ፣ ውሻ ይዞ ለመሄድ ጥሩ ቦታ የት አለ?

የመቻል ጌታ፦ ከማን ጋር? ስንት ቀን? ውሻህ መኪና ይለምዳል ወይስ ቃሊቲ ሳይደርስ ያስመልሰዋል? ጥያቄህን አስተካክለህ ተመለስ።

የቡቺ እናት፦ ጋሼ፣ ቡቺ እንደ መቻል ጥቁር ነው። እንጦጦ ወስጄ ሃምሳ ፎቶ አነሳሁት፤ በሁሉም ላይ ከሰል የተደፋ ነው የሚመስለው። ዓይኑ እንኳ አይታይም። ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ነው።

የመቻል ጌታ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! ስልኩ ጥፋት የለበትም። መጀመሪያ ከጀርባው ምን እንዳለ እዪ። ሰማይ ከሆነ አለቀ፤ ስልኩ ለሰማዩ ሲያደላ ቡቺ ይጠቁራል። ወደ ዳገቱ አዙሪው፤ ከጀርባው ሣር ወይም ዛፍ ይሁን። ቀጥሎ ጣትሽን ፊቱ ላይ አድርገሽ ተጫኚ። ስልኩ ጥቁሩን ሲያይ «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል፣ ፀጉሩም አመድ ይመስላል። ያን ጊዜ ከጎን የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ታች ሳቢያት። ፀጉሩ ጠቁሮ፣ ወዙ ግን ሲታይ አቁሚ።

ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ። እኩለ ቀን ላይ የእኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ የውሻ ዓይን ከቅንድቡ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ዓይኑ ውስጥ ያቺ ነጭ ነጥብ ካልታየች ፎቶው የሞተ ነው፤ ፊቱን ወደ ብሩህ ሰማይ ስታዞሪው ትመጣለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተኚ። አዎ፣ መሬት ላይ። ወንጪ ላይ ቆሜ ያነሳሁት ሁሉ ጀርባና ጅራት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ጤዛው ላይ በደረቴ ስተኛ ሐይቁ ከጆሮው በላይ ወጣ፤ ፈረስ የሚያከራየው ልጅ «ጋሼ ወደቁ እንዴ?» ብሎ እየሮጠ መጣ። መቻልም ወደ ልጁ ዞሮ ጆሮውን አቆመ። ያያችሁት ፎቶ ያ ነው።

ናቲ፦ ፎቶው ላይ ግን ገመድ አይታይም። ለእኛ «ገመድ» እያሉ እርስዎ ፈተውት ነው?

የመቻል ጌታ፦ አልፈታሁትም። ቀጭን፣ የሣር ቀለም ያለው ረጅም ገመድ ነው፤ ሚስቴ ከጀርባ ዝቅ አድርጋ ይዛዋለች። ሣሩ ውስጥ ይደበቃል፤ የታየችውን ቁራጭ በኋላ ስልኩ ላይ አጥፍቻታለሁ። ወንጪ ላይ ፈረስ አለ፣ ፈረስ ይራገጣል። የሰፈሩ ውሾች ደግሞ አምስትም ስድስትም ሆነው ይመጣሉ። የተፈታ ውሻ ፎቶ አያምረኝም።

ዮናስ ቦሌ፦ ለፋሲካ ባሌ እንሄዳለን። ሳነቴ ላይ ሀስኪ ውሻዬን ከነዚያ ነጫጭ አበቦች ጋር ማንሳት እፈልጋለሁ፤ በረዶም ይገኛል ይባላል። ስንት ሰዓት ላይ ጥሩ ነው?

የመቻል ጌታ፦ ምንም ሰዓት ጥሩ አይደለም። ውሻህን ባሌ እንዳትወስድ። ሰሜን ተራሮችም እንዳትወስድ። ፓርኮቹ ውስጥ ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ምክንያቱንም ልንገርህ፣ እዚህ ላይ አላሳጥርም።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው፤ አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ለተኩላና ለውሻ የቀረበ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ውሻህን የሚይዘው በሽታ እሱንም ሊይዘው ይችላል። አደን ላይ ለየብቻው ነው፣ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ። ጠዋትና ማታ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ አፍ ለአፍ እየተላላሰ ሰላም ይባባላል። አንዱ ታመመ ማለት ሁሉም ታመሙ ማለት ነው። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ እዚያው ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ሲገባ ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ መጣ። ሁለቱም ከውሻ የመጡ ናቸው። በዚያ ላይ ወንድ ውሻ ከሴት ቀበሮ ጋር ይዳቀላል።

ዮናስ ቦሌ፦ የእኔ እኮ የተከተበ ነው! ካርዱም አለኝ። እዚያው የገበሬው ውሻ እንደ ልቡ ሲሮጥ የእኔ ምን አጠፋ?

ሮቤ ልጅ፦ ወንድሜ፣ የእኛ ውሻ ከብት ጠባቂ ነው፤ ያለ እሱ ጅብ ጥጃ አያስቀርም። ሰዎች በየዓመቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ይከትቡልናል። ቀይ ቀበሮውን እኛ «ጀደላ ፈርዳ» እንለዋለን፤ የምትወልድ ፈረስ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። ከእኛ ጋር ኖሯል። አንተ ግን ለፎቶ ነው የምትመጣው።

የመቻል ጌታ፦ ሮቤ ልጅ ጨረሰልኝ። ልጨምር ብቻ፦ የተከተበ ውሻም መዳፉና ፀጉሩ ላይ በሽታ ሊሸከም ይችላል፤ ካርድህ ላይ ያለውም ምናልባት የእብድ ውሻው ክትባት ብቻ ነው፤ የዲስተምፐሩን አንብበህ አረጋግጥ። ሀስኪህን ለጓደኛ ትተህ ሂድ፤ ቀይ ቀበሮውን ራሱን ታነሳለህ፣ መኪና ውስጥ ሆነህ፣ በረጅም ሌንስ።

ሄኖክ፦ ፈረንጅ ውሻ አሳድጎ ዳገት ላይ ማስለከለክ ምን ይሉታል? የሐበሻ ውሻ እያለ!

ሊሊ፦ ደግሞ ጀመርክ ሄኖክ። የአንተ «የሐበሻ ውሻ» ባለፈው ሳምንት የፖስተኛ ሱሪ ቀደደ አላልክም?

ሄኖክ፦ ሥራውን ነው የሠራው።

የመቻል ጌታ፦ ሄኖክ፣ ሊሊ፣ በቃ። ቀጣይ።

ወለተ ማርያም፦ ደብረ ሊባኖስ ስንሳለም ውሻችንን ይዘን ብንሄድስ? ገደሉ ላይ ፎቶ ያምራል።

የመቻል ጌታ፦ ግቢው ውስጥ ውሻ አይገባም፤ ይኼ ለእናንተ አይነገርም። አጠገቡ ፖርቹጋል ድልድይ ጋ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ጭላዳ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ገደሉ ነው፤ እሱ መውረጃውን ያውቃል፣ ውሻሽ አያውቅም። ገመድ፣ ገመድ፣ ገመድ።

ሊሊ፦ ላንጋኖ ሎጆች ውሻ ይቀበላሉ?

የመቻል ጌታ፦ ደውለሽ ጠይቂ። ስትጠይቂ ግን «ውሻ ይገባል?» ብለሽ አትተዪ፤ «የት ነው የሚያድረው?» በዪ። እኔ አንድ ሐይቅ ዳር «ይገባል» ተብዬ ሄድኩ፤ ስደርስ ጥበቃው መቻልን ሊያስር ወደ ዘበኛ ቤት አመራ፤ አጥንትም አዘጋጅቶለታል፣ የዶሮ! የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። ሁለታችንም መኪና ውስጥ አደርን። ከተማ ውጪ ውሻ ደጅ አይታሰርም፤ ጅብ የታሰረ ውሻ ሲያገኝ ደስታው ነው። ላንጋኖ ይሞቃል፤ መስኮት ዘግተሽ «አምስት ደቂቃ» ብለሽ እንዳትሄጂ። ውኃ!

ሐና ሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ በክረምቱ ወደ አገር ቤት ስመጣ ውሻዬን ላምጣው? ቤተሰብ ሊያየው ይፈልጋል።

የመቻል ጌታ፦ መምጣቱን ሳይሆን መመለሱን አስቢ እህቴ። ኢትዮጵያ አሜሪካ «የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋባቸዋል» ብላ ከመዘገበቻቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። ውሻው ከ6 ወር በላይ፣ ቺፕ ከቆዳው ሥር የተቀበረለት መሆን አለበት። እዚያው አሜሪካ መከተቡን የሚመሰክረው ቅጽ ደግሞ ሳትወጪ በፊት በሐኪም ተሞልቶ በግብርና መሥሪያ ቤታቸው መጽደቅ አለበት። ከወጣሽ በኋላ አይሞላም! ያለዚያ የደም ምርመራ፣ የማቆያ ቦታ ቀጠሮ፣ ብዙ ገንዘብ ነው። ለፎቶ ከሆነ ሼናንዶዋ ፓርክ አጠገብሽ ነው፤ በብዙ መንገዶቹ ውሻ ይፈቀዳል፣ ገመዱ ከ6 ጫማ እስካልበለጠ። ኦልድ ራግና ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ ግን አይፈቀድም።

ናቲ፦ ክፉ የሆነ የሰፈር ውሻ ቢነክሰኝስ ፎቶ ስናነሳ?

የመቻል ጌታ፦ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ፌጦ የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ጠበል ከመርፌው በኋላ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ መድኃኒት የለውም። ይኼን በቀልድ አልመልስም።

የሲኤምሲው፦ ጋሼ ተመለስኩ። ጥሩ ቦታ የት አለ?

የመቻል ጌታ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብበሃል?

የሲኤምሲው፦ ረዘመብኝ።

የመቻል ጌታ፦ ወንጪ። በአምቦ በኩል፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ። መስከረም ላይ፣ አደይ ሳይረግፍ። ክትባት፣ ገመድ፣ ውኃ።

የሲኤምሲው፦ ገመድ ግድ ነው?

ሊሊ፦ ኧረ ተወን!

የቡቺ እናት፦ ጋሼ፣ እንዳሉት ተኝቼ ምልክቷን ወደ ታች ሳብኳት። ዓይኑ ታየ! ነጥቧም አለች። ላኩልዎት፣ ዩልኝ።

የመቻል ጌታ፦ አየሁት። ጎበዝ። ገመዱን የት ደበቅሽው?

የቡቺ እናት፦ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነው ያነሳሁት፣ በመስኮት ብርሃን።