ሥራይ ምንድን ነው? መድኃኒት ሁሉስ ሥራይ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። የባለቤቴ ልብ ከእኔ ከሸሸ ሰንብቷል። አንዲት ጎረቤቴ «መስተፋቅር ነው፣ መድኃኒት ነው» ብላ የሥር ዱቄት ሰጠችኝና በጠላው እንድጨምርለት መከረችኝ። የንስሐ አባቴ ግን «ይህ ሥራይ ነው» አሉኝ። ምች ሲመታን ዳማከሴ ጨምቃ የምታጠጣን እናቴስ ሥራይ ሠርታ ነውን?

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ ሥራይ አልሠራችም፤ የንስሐ አባትሽም አልተሳሳቱም። ሥራይ የግእዝ ቃል ሲሆን መድኃኒት፣ መርዝ፣ አስማት ተብሎ እንደ አገባቡ ይፈታል፤ መሠርይ ማለትም ሥራይ የሚያደርግ ሰው ነው። ቅኔ ቤት ሳለን መምህራችን እንዲህ ያለውን ቃል ከአገባቡ ነጥለን እንዳንፈታው አጥብቀው ያስጠነቅቁን ነበር። በገላትያ 5፥20 «ምዋርት» የተባለውም በጽርዕ፣ ማለትም በግሪክ ቋንቋ፣ ፋርማኪያ ነው፤ ዛሬ ፋርማሲ የምንለው ስም የወጣው ከዚያው ቃል ነው። ይህን የጻፈው ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ሉቃስን «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ» ይለዋል፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲጠጣ ይመክረዋል።

መጽሐፈ ሄኖክ ትጉሃን የተባሉት የወደቁት መላእክት ለሴቶች ሥራይንና ሥር መቁረጥን እንዳስተማሩ ይናገራል፤ አገራችን «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ብሎ የሚነቅፈውም ይህንኑ ነው። ሲራክ ደግሞ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረና ልባም ሰው እንደማይንቀው ይመሰክራል። ሥሩንም ቅጠሉንም የፈጠረ አንድ አምላክ ስለሆነ ነቀፋው በተክሉ ላይ ሳይሆን በተደረገበት ነገር ላይ ነው። እናትሽ ዳማከሴውን በግልጽ ጨምቃ፣ በስመ ሥላሴ አማትባ፣ የታመመ ልጇ እንዲድን ሰጠችው። ያንቺ ዱቄት ግን በሽታ ለሌለበት ሰው፣ እርሱ ሳያውቅ፣ ፈቃዱን ለመስረቅ የተዘጋጀ ነው። እግዚአብሔር እንኳ የማይነካውን የሰውን ነጻ ፈቃድ በጠላ ለማሰር መሞከር፣ ስሙ መድኃኒት ቢባልም፣ ሥራይ ነው። ሰዎች ይህን ነገር መድኃኒት ብለው በመጥራታቸው መድኃኔ ዓለም የምንልበትን የከበረ ቃል መሸፈኛ ማድረጋቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

ዱቄቱን ማንም እንዳያገኘው አድርገሽ ቅበሪው፤ ለጎረቤትሽም አትመልሺላት፣ ለሌላ ትሰጠዋለችና። አስቀድመሽ አጠጥተሽው ከሆነና ሕመም ከተሰማው፣ ሳታፍሪ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ የሰጠሽውንም ለሐኪሙ አሳዪ። የትዳራችሁን ነገር ግን ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ በንስሐ አባታችሁ ፊት ተነጋገሩበት።