ሽቦው ከወጣ በኋላ ያበጠው እግር

ጥያቄ፦ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የ67 ዓመቱ አባቴ ደጋግመው ራሳቸውን ስተው በመውደቃቸው ሆስፒታል ስንወስዳቸው የልብ ምታቸው በደቂቃ 32 ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሌሊት በቀኝ ብሽሽታቸው በኩል በደም ሥር እስከ ልባቸው ሽቦ ገብቶ ከአልጋው ጎን ካለ ጊዜያዊ ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ ከሚያስመታ መሣሪያ) ጋር ተያያዘላቸው፤ ቋሚው እስኪገኝም 11 ቀን እግራቸውን ሳያጥፉ በጀርባቸው ተኙ። ቋሚው ከተገጠመላቸው አምስት ቀን ሆኗል፤ ቤት ገብተዋል፣ ራስ መሳቱም ቀርቷል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ቀኝ እግራቸው ከባት እስከ ጭን አብጦ ይከብዳቸዋል። ጎረቤቶቻችን «ከመተኛት ብዛት ነው፣ ወጌሻ በቅቤ ይሸው» ይላሉ። ሽቦው ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመጣ ይችላል? ሐኪሞቹስ አጥፍተው ይሆን?

መልስ፦ ጥያቄዎ ይህ ዕትም እስኪታተም የሚቆይ ስላልነበረ፣ ደብዳቤዎ በደረሰን ዕለት ደውለን አባትዎን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል እንዲወስዷቸውና እግራቸውን ማንም እንዳያሽ ነግረንዎታል። እዚህ የምንጽፈው ምክንያቱን ነው፤ ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማቸው ሌሎች ቤተሰቦች መኖራቸውን እናውቃለንና።

ሽቦው በገባበት በኩል ብቻ ያበጠ እግር፣ ሌላ ነገር መሆኑ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ በጥልቁ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የረጋ ደም እንዳለበት ተቆጥሮ መታየት ይገባዋል። ደም ሥር ውስጥ ሳለ እንዲረጋ የሚያደርጉት ሦስት ሁኔታዎች በ19ኛው መቶ ዘመን በኖረው ጀርመናዊ ሐኪም በሩዶልፍ ፊርሆ ስም ይጠራሉ፤ እነርሱም የፍሰት መዘግየት፣ የሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ መጎዳትና ደሙ ራሱ ለመርጋት ማድላቱ ናቸው። በአባትዎ ላይ ሦስቱም ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል። የባት ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደምን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ እግር 11 ቀን ሳይታጠፍ ሲቀመጥ ይህ ፓምፕ ሥራውን ያቆማል። በብሽሽት የገባው ቱቦና በውስጡ ያለፈው ሽቦ ደግሞ የሥሩን ግድግዳ ከመፋቃቸው በላይ የደሙን መተላለፊያ ያጠብባሉ። ከባድ ሕመምና በቂ ውኃ አለመጠጣት ደሙን ለመርጋት የቀረበ ያደርጉታል። በ1980 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ በብሽሽት በኩል ጊዜያዊ ሽቦ ከገባላቸው ሕሙማን ሲሶ ያህሉ በዚያው ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተገኝቶባቸዋል። ጥናቱ ከሠላሳ በማይበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገና የቆየ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ለዛሬ ሕመምተኛ ማዋል አይገባም፤ ጉዳዩ እምብዛም የማይከሰት እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

ሽቦው ሲወጣ የረጋው ደም አብሮ አይወጣም። ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሊያድግም ይችላል፤ ስለዚህ እብጠቱ ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም። ትልቁ ፍርሃት ከዚያ ተቆርሶ የሚሄደው ክፍል ነው፤ በትልቁ ደም መላሽ ሥር ሽቅብ ወጥቶ፣ በቀኝ የልብ ክፍል አልፎ ሳንባን ይዘጋል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም ራስን መሳት ከታየ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ አምቡላንስ ይጠራል፣ ካልተገኘም በተገኘው መኪና ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይኬዳል። እዚህ ላይ ለፔስሜከር ተጠቃሚዎች ብቻ የሚሆን አንድ ማሳሰቢያ አለ። በሌላ ሰው ላይ ሳንባ ሲዘጋ ልብ በፍጥነት መምታት ይጀምራል፤ ልቡ በመሣሪያው ብቻ በሚመታ ሰው ላይ ግን፣ እንደ መሣሪያው ዓይነትና አስተካከል፣ ምቱ በመሣሪያው ላይ በተወሰነለት ቁጥር ሊቆይ ይችላል። «ልቡ በደንብ ይመታል» ብሎ መረጋጋት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ለወለምታ ያላቸውን ልምድ ለመንቀፍ አይደለም። የረጋ ደም ያለበትን ባት ማሸት ግን ያንን ደም ከተጣበቀበት ሊያላቅቀው ይችላል፤ በቅቤም ሆነ በቅባት ልዩነት የለውም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሽቦው በየትኛው ብሽሽት ለስንት ቀን እንደቆየና ቋሚው መቼ እንደተገጠመ ሳይጠየቁ ይናገሩ። እግሩ በድምፅ ሞገድ የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታያል፤ ምርመራው መርፌም ሆነ ሕመም የለውም። የረጋ ደም ከተገኘ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይጀመራል፤ በአብዛኛው ቢያንስ ለ3 ወር ይወሰዳል። የቋሚው ቁስል ገና ትኩስ ስለሆነ ማቅጠኛው ከትከሻ አጥንቱ በታች ደም ሊያጠራቅም ይችላልና ሐኪሙ ሁለቱን አደጋዎች ይመዝናል፤ እርስዎም ቦታው ቢያብጥ ወይም ቢጠቁር ቶሎ ይንገሩ። ማቅጠኛ እየወሰዱ ለሕመም ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ መግዛት መድማትን ያብሳል። የታዘዘው ዋርፋሪን ከሆነ ደግሞ ጎመን ጉዳይ አለው፤ ጎመን ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ በፍስክ ወቅት ሳይቀምሱት ቆይተው በጾም በየቀኑ መብላት የደም ምርመራውን ውጤት ያዛባል። ጎመን ይተው ማለት ሳይሆን፣ ዓመቱን ሙሉ መጠኑ አይዋዥቅ ማለት ነው።

ሐኪሞቹን ስለመውቀስ፦ ምቱ 32 ለወረደና ራሱን ለሚስት ሰው በሌሊት የገባ ሽቦ ሕይወት ያተረፈ ሽቦ ነው፤ ብሽሽቱም በአስቸኳይ ጊዜ በቀላሉ የሚደረስበት መንገድ ነው። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ጊዜያዊ ሽቦ ካስፈለገ የሚቆይበት ጊዜ እንዲያጥር ይመክራል። አባትዎን የጎዳቸው፣ በእኔ ግምት፣ መሣሪያው እስኪገኝ የተጠበቀው 11 ቀን ነው፤ ይህ ደግሞ አልጋቸው አጠገብ ከቆመው ሐኪም አቅም በላይ የሆነ የአቅርቦት ችግር ነው።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ነው። እናታችን ሽቦ በብሽሽታቸው ገብቶ ቋሚውን እየጠበቁ ነው። እኛ አስታማሚዎች ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ሽቦው የገባበትን እግር ከብሽሽቱ አታጥፉት፤ ሽቦው ከቦታው ከተንሸራተተ ልባቸው ሊቆም ይችላል። ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፤ ነርሷን አስፈቅዳችሁ በየሰዓቱ አሠሯቸው። ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት ታዝዞላቸው እንደሆነ፣ ቆይታው የሚረዝም ከሆነም ሽቦውን ወደ አንገት በኩል ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን በአክብሮት ጠይቁ። በአንገት ሲሆን እንኳ ክንድ፣ አንገት ወይም ፊት እንዳያብጥ መከታተል ያስፈልጋል። በየጠዋቱ ደግሞ ሁለቱንም ባቶች ከጉልበት በታች በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታችሁ ጻፉ፤ ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ የሐኪሞች የጉብኝት ዙር እስኪደርስ ሳትጠብቁ ለሐኪም ንገሩ።